ውሃ ያልነካት አበባ

ፈነዳች እታለም! ያቺ እዚህ ዳገት ላይ አትበቅልም የተባለችው የጥድ ሥር አበባ ፈነዳች! አንድም ሁለትም አይደለች፤ ቆጥሬ ቆጥሬ አርባ ሦስት ላይ ስደርስ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ተውኩት።

ይቅርታ፣ ሰላምታውን ዘለልኩት። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ደረጃ መውጣቱን ተውሽ ወይስ አሁንም ዕቃውን ሁሉ ተሸክመሽ ነው የምትወጪው? የልጅ ልጅሽስ፣ ጥርስ አበቀለች? እኔማ ምን እሆናለሁ ብለሽ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ልጅ እየዘለልኩ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ከምሠራበት ችግኝ ጣቢያ ጀርባ ያለውን ዳገት ታውቂዋለሽ፤ ባለፈው ስትመጪ ጫማሽን አቧራ ያለበሰብሽ እሱ ነው። ጥዶቹ ቆመዋል እንጂ ከሥራቸው አንዲት ሣር አልነበረችም። ንፋስ በመጣ ቁጥር አቧራው ወርዶ ችግኙ ላይ ይከመራል። ኃላፊያችን መረረውና ጥዶቹ ይቆረጡ፣ ቦታው ላይ ሲሚንቶ ፈሶ መጋዘን ይሠራበት አለ። ጥዱ ከተቆረጠ ደግሞ የጥዱ ጠባቂ ምን ይጠብቃል? ወደ ሩቅ ቦታ ሊያዛውሩት ሆነ። ለእኔ ምኔም አይደለም፤ እንዲያው ሰው ነውና አሳዘነኝ።

አፌ አያርፍም አይደል፣ ስብሰባ መሀል ተነሥቼ አፈሩን የሚይዝ አበባ አበቅልበታለሁ አልኩ። ስለ አበባዋ የነገረኝ ጠባቂው ነው። ድሮ ከብት ረግጦ ሳያጠፋት፣ ጥዱ ሥር በራሷ የምትበቅል፣ ቅጠሏ እንደ ድመት ጆሮ ለስላሳ ፀጉር ያለው ሐምራዊ አበባ ነበረች፤ ዘሯንም አስቀምጧል። ኃላፊው ሳቀና እስከ መጪው በጋ መጨረሻ ጊዜ ሰጠኝ።

የመጀመሪያውን ዘር በጥቁር አፈርና በፍግ ዘርቼ ጠዋት ማታ አጠጣሁት። በቀለ፣ ደስ አለኝ፣ በሳምንቱ በሰበሰ። በሁለተኛውማ ብሼ ጥላ ሁሉ ሠራሁለት። እሱም በሰበሰ። እኛ ጣቢያ ጠዋት የገባ ሰው ጃኬቱን ሳያወልቅ ማጠጫ ነው የሚያነሣው፤ ለካ እኔ ካጠጣሁ በኋላ ሹፌሩም ጸሐፊዋም በየተራ ያጠጡልኛል! ደግ ሰው በዝቶባት ልጅቷ ሰጠመች።

ጠባቂው የበሰበሰውን አይቶ፣ አንቺ ሴትዮ፣ ይህቺ በጥም ያደገች ናት፣ በደግነት ገደልሻት አለኝ። ደሜ ፈላ! አንተ ደግሞ ጥድ ተደግፎ ከመቆም ሌላ ምን ታውቃለህ አልኩት። እሱ ማጠጫዬን ተቀብሎ የጥድ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው። ቁመቴን ታውቂው የለ፣ ብዘል ብዘል ከየት ልድረስበት! በማግስቱ የቀረችውን ዘር በክብሪት ቀፎ ይዞ መጣ። አፈሩን ሳንነካ፣ የረገፈውን የጥድ ቅጠል ገለጥ አድርገን በተንናት፣ መልሰን አለበስናት። በቃ፣ ከእንግዲህ እጅሽን ሰብስበሽ ቁጭ በይ አለኝ።

እኔን ቁጭ በይ! በየጠዋቱ ባዶ እጄን ዳገቱን እወጣ ጀመር፤ ላለማጠጣት ማለቴ ነው። እሱም እንዳላጠጣ ሊጠብቀኝ አጠገቤ ይቀመጣል። እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይሰማል። እንዲህ የሚሰማ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ከት ብሎ የሳቀ ዕለት ደግሞ ጥዱ ላይ ያለ ወፍ ሁሉ ብር ይላል። ዝናቡ መጥቶ ሄደ፣ በጋው ገባ፣ የጣቢያው ሣር እንኳ ደረቀ።

ትናንት ጠዋት ስወጣ ዳገቱ ሐምራዊ ለብሶ ጠበቀኝ። ኃላፊው ተጠርቶ መጣ፤ ተንበርክኮ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ሰደደና ማን ነው ሲያጠጣ የከረመው ብሎ ጠየቀ። ማንም አላጠጣም አልነው። ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና ጥዶቹ ይቆዩ፣ ጠባቂውም የትም አይሄድም አለ። ሰዉ ሲበተን ጠባቂው ማጠጫዬን ከቅርንጫፉ አወረደልኝ። ሲያቀብለኝ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ። አፌ አርፎ የማያውቀው እኔ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንዲት ቃል መለስኩ።

ባለቤቴ ባረፈ በሁለተኛው ዓመት ብቻሽን አትቅሪ ስትዪኝ፣ እኔ ከእንግዲህ ደረቅ መሬት ነኝ ብዬ የጮኽኩብሽን ታስታውሻለሽ? ሦስት ወር ሙሉ አኩርፌሽ ነበር። ያንን ቃሌን አንሥቻለሁ፤ አንቺም እንዳልሰማሽ ቁጠሪው።

እግዜር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን ሳቅ አያሳጣው፣ የልጅ ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።

ወሬኛዋ ታናሽ እህትሽ

ውይ፣ ፖስታውን ላሽግ ስል ቀኑን አለመንገሬ ትዝ አለኝ! አበባዋን የምናከብርበት ቀን ነውና ማንም እንዳይቀር፤ ወንድማችን ሥራ አለኝ ቢል ጎትተሽ አምጪው። ያን የሚያምርብሽን ቀሚስ ልበሺ። መታወቂያሽንም እንዳትረሺ፣ ምስክር ሆነሽ ትፈርሚያለሽ። አበባ ለማየት ፊርማ ምን ያደርጋል ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። የሚመጣው ሳይሆን ከእሱ ቀጥሎ ያለው አርብ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።