እስላም አይሰክርም ላሉት ሹም

ድሬ ዳዋ፣ መጋላ
መጋቢት ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለክቡር የማኅበራትና የስብሰባ ፈቃድ ሹም፣

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ለጉበትዎ ደግሞ ለብቻው ዱዓ አድርጌያለሁ። እኔ ሀዎ ዲሪር የመጋላ ልብስ ሰፊ ስሆን፣ በአደባባይ የምጽፍልዎ ፈቃድ ከከለከሉን በኋላ በትሕትና ያስገባሁትን የይግባኝ ማመልከቻ ለማንበብ ሥራ ስለበዛብዎ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በከተማችን ከሰዓት በኋላ ጫት የቃመ ሰው፣ ሲመሻሽ ምርቃናውን በመጠጥ ይሰብራል፤ ይህንንም ጨብሲ እንለዋለን። የባቡር ፍሬን ሠራተኛው ቡራሌ (ስሜን ጻፊው ብሎ ፈቅዶልኛል) በጨብሲ ምክንያት ከሥራው ሊባረር ጥቂት ሲቀረው፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ መጠጥ የተዉ መርከበኞች እየተሰበሰቡ ሲደጋገፉ አየ። ሲመለስም ከስፌት ቤቴ ጀርባ ያለውን ክፍል ለመነኝ፤ ሰጠሁት። እንደ በርጫ ቤት ምንጣፍና ትራስ አነጠፍን፤ ጫት ግን አይገባም፣ ሻሂ ብቻ። በዚያችው በጨብሲ ሰዓት እየመጡ ተራ በተራ ይናገራሉ፤ ማንም ማንንም አያቋርጥም፤ የተሰማውም ከክፍሉ አይወጣም።

ወንድሜ ሮብሌ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሚስቱ ዋሪስ ስካሩ መሯት ልጆቿን ይዛ ዋሂል ከተማ፣ አባቷ ቤት ገብታለች፤ እስከ ዓረፋ ሳይጠጣ ከቆየ እመለሳለሁ ብላለች። ሮብሌም ከረመዳን ጀምሮ አንድ ጠብታ አልቀመሰም። የወንድምን ገመና ማውጣት ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ እርስዎ ነውሩ የለም ስላሉ ነው የማሳይዎ። አሁን ቅሬታዎቼን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፤ ሰላይ ልከውብን ነበር። የመንግሥት ግልበጣ ሲመከር ሊሰማ ለመጣው ሰው ትራስ ሰጥተን ሻሂ ቀዳንለት፤ ያገኘው ግን የሚያለቅሱ ወንዶችን ብቻ ነው። ይህንኑ ቢነግርዎ ጭራሽ አጠራጠረዎት፤ በማግሥቱ ክፍሉን አሸጉት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይህን ነው፤ ለትጋትዎ ምስጋናችን ይድረስዎ።

ሁለተኛ፤ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል ነው ስላሉ፣ ሕግ አክባሪዎች ነንና ለፈቃድ አመለከትን። የሰጡን መልስ እንዲህ የሚል ነበር፤ መጠጥ ለእስላም ሐራም ስለሆነ እስላም አይሰክርም፤ የማይሰክር ሰው መጠጥ ለመተው አይሰበሰብም፤ ስለዚህ የስብሰባው ዓላማ ሌላ ነው። ክቡር ሆይ፣ ከቃዲያችን አብልጠው ስለተማመኑብን እግዜር ይስጥልን። በእርስዎ አካሄድ ግን አትግደል፣ አትስረቅ የሚል መጽሐፍ ባለበት አገር ወኅኒ ቤቱ እስካሁን እህል መጋዘን በሆነ ነበር።

ሦስተኛ፤ ቡራሌ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ ቢለምንዎ፣ ለምሽት ስብሰባ ፈቃድ ያለው ቤት ፈልጉ ብለው መከሩት። ፈለግን። ከመጋላ እስከ ከዚራ ሰው እየመሸ እንዲሰበሰብበት የተፈቀደለት ቤት ሁሉ ባር ነው። እንዲያውም አንዱ ባለ ባር አዳራሹን በነጻ ልስጣችሁ አለ፤ ግማሾቹ ጠርሙሱን አይተው መታገሥ እንደማይችሉ ገብቶታል። ቡራሌም «አቦ፣ የጠማውን ሰው ወንዝ ዳር አስቀምጠህ አትጠጣ ትለዋለህ?» ብሎት ወጣ። ባለ ባሩ ከእርስዎ ይልቅ ችግራችንን ማመኑን ልብ ይበሉልኝ።

የቀረውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ክፍሉ ከታሸገ ወዲህ ሮብሌ በየምሽቱ በመግሪብ ሰዓት እየመጣ ማኅተምዎ ካለበት በር ደፍ ላይ ይቀመጣል። ቡራሌ በባቡር ሲሄድ የሚያናግረው የለም፤ ሌሎቹም ፈርተው ተበትነዋል። እኔ እህቱ ነኝ፤ ሻሂ አመጣለታለሁ፣ እቆጣዋለሁ፣ እለምነዋለሁ፤ የሚታገለውን ነገር ግን አላውቀውም። የሚያውቁለት እዚያ ክፍል የነበሩት ብቻ ናቸው። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። ስለዚህ ክፍሌ እንዲከፈትልኝ እጠይቃለሁ፤ ቢጠራጠሩ ራስዎ መጥተው ይቀመጡ፣ ትራስ አለን።

ወንበርዎ እንዲጸና፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ከእስላም ሁሉ በላይ ስለ እስላም የሚያውቀው አእምሮዎ እንዲሰፋ እየጸለይኩ፣ ዝቅ ብለው ቢያዩ ኖሮ ከእግርዎ ሥር የሚያገኙኝ፣

ሀዎ ዲሪር

ማስታወሻ፤ ከላይ ያለውን ትናንት በቀን ጽፌ ጨርሼ ነበር። ሲመሻሽ ሮብሌ ደፉ ላይ አልነበረም። በዕድሜዬ ደጁን ረግጬ ወደማላውቀው ባር ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ከእርስዎ ጠረጴዛ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ከጠርሙስዎ የሚቀዱለትም እርስዎ ራስዎ ነበሩ። እንቢ ሲል «ጠጣ እንጂ፣ ወንድ አይደለህም?» ሲሉት ሰማሁ፤ ጠጣም። ስለ ልግስናዎ አመሰግናለሁ። ዓረፋ ሲደርስ ዋሪስ ከዋሂል ሰው ልካ ትጠይቀኛለች። መልሱን እርስዎ ቢሰጡልኝ እወዳለሁ፤ እስላም አይሰክርም ብለው ያስረዷት።