ረጅም ውል ለሚሽሩት የሆኪ ሊግ አለቃ፣ ከአንድ ቀናተኛ

ለተከበሩ በበረዶ ላይ የሚካሄደው የሆኪ ሊግ የበላይ ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ያ ውድ በረዶዎ ደኅና ነውን? እኛ እዚህ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማላኪ፣ ከሙቀቱና ከቅናቱ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን።

ሐብቴ እባላለሁ። ቤኤር ቱቪያ በሚገኝ አንድ መጋዘን ካርቶን እጭናለሁ፤ የቀጠረኝ ግን መጋዘኑ ሳይሆን ሠራተኛ የሚያከራየው ካብላን ነው። ሕጉ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ዘጠኝ ወር አንድ ቦታ የሠራ የካብላን ሠራተኛ የዚያው ቦታ ሠራተኛ ይሁን ስለሚል፣ ካብላኑ ዘጠኙ ወር ሳይሞላ በክብር ያሰናብተኝና ጥቂት አሳርፎ እንደ አዲስ ሰው ይቀጥረኛል። መጪውን ፋሲካ በየትኛው ሥራ ላይ ሆኜ እንደምውል አውቄ አላውቅም።

ወታደሯ ልጄ ሼሊ ለሸባት፣ ለሰንበት ማለት ነው፣ ስትመጣ ጨዋታዎን በስልኳ ታያለች። እንደነገረችኝ፣ አንድ ክለብ ለአጥቂው ጸጉሩ እስኪሸብት የሚዘልቅ ውል ቢሰጠው፣ ክቡርነትዎ ይህ ሊጉ ለየክለቡ የወሰነውን የደመወዝ ጣሪያ ለመሸወድ ነው፣ ክፍያው በብዙ ዓመት ሲበተን ትንሽ መስሎ ከጣሪያው ሥር ያልፋል፣ ሰውየውም እስከዚያ ዕድሜ አይጫወትም ብለው ሻሩት። ቤሰደር፣ እሺ፣ ገብቶኛል። ቅሬታዎቼን ግን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ቀንቻለሁ። አንጀቴ እርር እስኪል ቀንቻለሁ። ያ ሰው ጥርሱን በጨዋታ አጣ ይላሉ፤ እኔም ወገቤን ካርቶን ሥር ትቻለሁ፤ እሱ ሲወድቅ ግን ያጨበጭቡለታል።

፪. ውል ረዘመ ብሎ የሚሟገት አለቃ በማየቴ ደስ ብሎኛል። ውል አጠረ ብሎ የሚሟገት የሥራ ባልደረባ ካለዎት አድራሻውን ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

፫. ይህኛው ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። ዘንድሮ ዘጠነኛው ወር ሲቃረብ፣ በእኛ ወግ ከባድ ነገር የሚለመነው በሽማግሌ ነውና፣ ቅቢዑት፣ ማለት ቋሚነት፣ እንዲለምኑልኝ ሦስት ሽማግሌ ወደ መጋዘኑ ኃላፊ ወደ ኢታማር ላክሁ። ነጠላቸውን አጣፍተው ከቢሮው በር ቆሙ። ተቀመጡ ቢላቸው እሺ አላሉም፤ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም። ኢታማር ደግ ልጅ ነው፤ አማርኛቸው ግን አልገባውም፤ እስከ ምሳ መቆማቸውን አይቶ ተደነቀ፣ ሥራ ፈላጊዎችም መሰሉት። እንዲህ መቆም የሚችል ሰው ከየት ይገኛል ብሎ፣ ከሦስቱ በዕድሜ የሚያንሰውን ጎረቤቴን ጋሼ ጥላዬን መታወቂያ ጠየቀውና በዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ሰጠው። ጋሼ ጥላዬም ለእኔ ዋስ የሚሆን መስሎት፣ እኔን ብሎ፣ ደስ እያለው ፈረመ። ሽማግሌዎቹ ኢታማርን መርቀው፣ እንኳን ደስ ያለህ ሊሉኝ ቤቴ መጡ።

እሁድ ጠዋት የሠራተኛው መኪና በእኔ በር ሳይሆን በጋሼ ጥላዬ በር ቆመ። የቀጠረው ደግሞ ካብላን ሳይሆን ራሱ መጋዘኑ ነው፤ ቅቢዑቱም ቃል ተገብቶለታል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ረጅም ውል መሻር ልማድዎ ከሆነ፣ እባክዎ ወደ ቤኤር ቱቪያ ብቅ ይበሉና የጋሼ ጥላዬን ይሻሩልኝ። ስድሳን ያለፈ ሰው ነው፤ እስከ መጨረሻው አይጫወትም። ሼሊ ይህን አንብባ “አባ፣ ይኸ ቅሬታ ሳይሆን ምቀኝነት ነው” አለችኝ። የሠራዊቱ ትምህርት ጥሩ ነው።

በበረዶዎ ጽናት፣ በጣሪያዎ ከፍታ፣ በፍርድዎም ርቱዕነት እጅግ የሚደመመው፣ ለጊዜው ሥራ የሌለው አክባሪዎ፣
ሐብቴ

ከፊርማ በኋላ የታከለ፦ ጋሼ ጥላዬን እንደገና ሽማግሌ ሆነህ ለምንልኝ ብዬው ነበር። አንገቱን ደፍቶ “አሁን የእንጀራ ነገር ሆነብኝ፤ እንዴት አድርጌ ካለቃዬ በር እቆማለሁ?” አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አልቆምለትም ነበር።