ልጅዎ ዛሬም ሜዳው ላይ ቀርታለች

ለተከበሩ የስካውት ጽሕፈት ቤታችን ሰብሳቢ
ባሉበት

ጌታዬ፣ ዛሬስ ይመኑኝ። ከሰላምታ በፊት እንዲህ ማለት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሰላምታው ይደርሳል፣ በእናትዎ ዛሬን ብቻ ይመኑኝ፤ ልጅዎ እዚህ ናት፣ ባንዲራው መስቀያ ሥር ቁጭ ብላ የጫማዋን ክር አሥር ዓይነት ቋጠሮ እያሰረች እየፈታች ነው፣ በዓይኔ በብረቱ እያየኋት ነው፣ ኮፍያዋን አስወልቄ ፊቷን አይቻለሁ፣ እሷው ናት።

አሁን ሰላምታ። ጤናዎ እንዴት ነው፣ ወገብዎ እንዴት ነው፣ ስብሰባው እንዴት ይዞዎታል፤ እኛ ደህና ነን፣ ማለት እኔና ልጅዎ ደህና ነን፣ ከዘበኛው በቀር ሌላ ሰው እዚህ ስለሌለ የሌላውን አላውቅም። ስልክዎ ዝግ ሲሆንብኝ ቢሮ ደወልኩ፣ ጸሐፊዎ አንስታ እርስዎ ስለ ልጆች ደኅንነት ስልጠና ላይ ንግግር እያደረጉ እንደሆነ ነገረችኝ፣ ጉዳይ ካለሽ በጽሑፍ አቅርቢ አለችኝ፣ ይኸው አቀረብኩ። ጽሑፌ አያምርም፣ ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር የምተኩስበት ላውንደሪ ቤት ልብስ ላይ የሚለጠፍ ቁጥር ብቻ ነው። የት እንደማቀርበው ስላልነገረችኝ በወላጆች ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት፣ እርስዎም ማስታወቂያዎን ሁልጊዜ እዚያ ስለሚለጥፉ ደንቡ ነው ብዬ ነው። ወላጆች ይቅርታ፣ አትደንግጡ፣ የእናንተ ልጆች በሰላም ሄደዋል። ከእናንተ መሃል ግን እዚያ ስልጠና አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው ካለ እባካችሁ በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ መድረኩ ላይ አቀብሉልኝ።

ዛሬስ ይመኑኝ ያልኩበትን እርስዎ ያውቁታል፣ ሁሉም ወላጅ ግን አያውቀውምና ልናገረው። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ልጅዎ እንዲሁ ሳትወሰድ ቀረች፣ እኔም ደወልኩልዎ፣ ያን ቀን ስልክዎ ክፍት ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጅዎ ሜዳ ላይ ናት ስልዎ በጣም በትሕትና ሳቁና "እህቴ፣ ልጄ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እራቷን እየበላች ነው፣ ሰው አታስደንግጪ" አሉኝ። እኔው ደነገጥኩ። አጠገቤ የቆመችውን ልጅ ዞር ብዬ አየኋት፣ እውነቴን ነው ራሴን ተጠራጠርኩ፣ የማን ልጅ ነሽ ብዬ ጠየቅኳት፣ የእርስዎን ስም ጠራች። ያኔ የሌላዋ ስካውት እናት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ልጄን የት አደረሳችኋት እያለች እየጮኸች መጣች። ለካ ሾፌርዎ ኮፍያውም ልብሱም የአንገት ጨርቁም አንድ ዓይነት ሲሆንበት የልብስ ሰፊዋን ልጅ አሳፍሮ ሄዷል! እሷም ዝም ብላ ገባች፣ ልጅ ናት፣ መኪና አግኝታ ነው። ቤት ደረሰች፣ ኮፍያዋን እንዳደረገች እራት ቀረበላት፣ በላች፣ እርስዎም ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ስልክዎን እያዩ በሉ፣ አትክልቱን አትተይ ብለውም መክረዋታል። ስትመለስ ጠየቅናት፣ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ግን ቀና አይሉም አለችን። እስከዛሬ መቼ ነው ተመልሼ የምሄደው እያለች እናቷን ቁም ስቅሏን ታሳያታለች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር አደርገዋለሁ፣ ደብዳቤ ቁጥር ሲኖረው ይከበራል ሲሉ ስለሰማሁ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ማስጠንቀቂያው አመሰግናለሁ። "ልጆችን በአግባቡ ለይታ ባለማስረከቧ" ተብሎ ስለ እኔ የተጻፈው ወረቀት እስከዛሬ በሩ ላይ ተለጥፏል፣ ትንንሾቹ ማንበብ የሚለማመዱበት እሱን ነው፣ ባለማስረከቧ የሚለውን ቃል አሁን ሳይደናቀፉ ያነቡታል፣ ለትምህርታቸው ስላሰቡ እናመሰግናለን። ሾፌሩም ልጅዎን አላወቃትም ተብሎ ተባረረ። ፈርዶበት ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ግን እሱ እንኳን ያያት በመስታወት ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ቃልዎ አመሰግናለሁ። ሾፌሩን ካባረሩ በኋላ በዚህ ሳምንት እዚሁ ግሩፕ ላይ ከእንግዲህ ልጄን የምወስዳት እኔ ራሴ ነኝ፣ አባትነት በውክልና አይሆንም ብለው ጻፉ። እንዴት ያምር ነበር! ወላጅ ሁሉ ልብ ላከልዎ፣ እኔም ላኩ፣ ላውንደሪ ቤት ለባልደረቦቼም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ አንዷ አለቀሰች። ዛሬ የቃልዎ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው።

ሦስተኛ፣ ስላወጡት የልጆች ደኅንነት ሕግ። ይህን ስጽፍ አልቀልድም፣ ሕጉ ጥሩ ነው። አንድ መሪ ብቻውን ከአንድ ልጅ ጋር አይገኝ፣ ሁልጊዜ ሁለት ትልቅ ሰው ይኑር፣ ልጅ ለተመዘገበ ወላጅ እንጂ ለማንም አይሰጥ፣ መሪ ልጅ ይዞ ወደ ቤት አይሂድ ይላል። ክፉ ሰው አለ፣ ልጅ ደግሞ የደረሰበትን መናገሪያ አፍ የለውም፣ መጻፍ ብችል እኔም እንደዚያው ነበር የምጽፈው። ግን ሁለተኛው ትልቅ ሰው ከሄደ ምን ይደረግ የሚለውን ሕጉ አይናገርም። እኛ ሦስታችን የቡድኑ መሪዎች፣ ማለት እኔና ፀጉር አስተካካዩ ጋሽ መቀስ፣ ጡረታ የወጡት እማማ አዋላጅ ደግሞ ሦስተኛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ ሲሄዱ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠን ቁጭ ብለን እንከራከራለን፣ ማንም አይከፍለንም ግን ፓርላማ እንኳን እንደኛ አይከራከርም። ቋጠሮውን ወንድሙ ያሰረለት ልጅ ባጅ ይገባዋል ወይ? ስካውት አይዋሽም ካልን፣ ራስ በራ ፀጉር አስተካካይ አይታመንም ብሎ ጋሽ መቀስን ፊት ለፊት የተናገረው ልጅ ይመስገን ወይስ ይቀጣ? በዚህኛው ሳንስማማ ቀርተናል፣ ጋሽ መቀስ ድምፅ አልሰጥም ብሎ። የመጨረሻ የቀረ ልጅ ምን ይደረግ በሚለው ላይ ግን እማማ አዋላጅ ሕጉን የጻፈው ሰው የመጨረሻ ሆኖ የቀረ ልጅ ዓይን አይቶ አያውቅም አሉና ክርክሩ ተዘጋ።

ዛሬ ታዲያ ጋሽ መቀስ ግማሽ ጢሙን የላጨውን ደንበኛ ወንበር ላይ ትቶ ነበር የመጣው፣ ሰውየው በር ላይ ቆሞ በግማሽ ጢሙ ሲጣራ አሁን መጣሁ ብሎኝ ሄደ፣ አልሸሹም ዞር አሉ። እማማ አዋላጅን የልጃቸው ሚስት ምጥ ያዛት ተብለው ተጠሩ። ልጄ ብቻሽን ትቼሽ እንዴት እሄዳለሁ ብለው ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ እኔም ይሂዱ አልኳቸው፣ ምጥን በጽሑፍ አቅርቢ አይሏት።

አራተኛ ስለ ዘበኛው ነው። ከእኔ ሌላ የቀሩት ትልቅ ሰው እሳቸው ናቸው፣ ግን ተኝተው ነበር። የተኛ ሰው እንደ ትልቅ ሰው ይቆጠራል ወይ ብዬ ብቻዬን ተከራከርኩ፣ ሕጉ የነቃ አይልም፣ ከዚያ ለማንኛውም ብዬ ቀሰቀስኳቸው። አንቺ ልጅ፣ እኔ የተቀጠርኩት ለበሩ ነው፣ ፀሐይ ስትገባ ቆልፌ እሄዳለሁ፣ ከግቢው ውጪ ያለውን አላውቅም አሉኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ቁልፉን አሁን በጣታቸው እያሽከረከሩት ነው፣ ፀሐይዋን ደግሞ እያየኋት ነው፣ ወደ ዛፎቹ ወርዳለች።

አምስተኛ ይሁን ስድስተኛ ጠፋኝ፣ ብቻ አሁን እንዴት እንደተቀመጥን ይወቁልኝ። ሕግ እንዳልጥስ ብዬ ልጅዎ ባንዲራው ሥር፣ እኔ በሩ አጠገብ ነኝ፣ መሃላችን ሜዳው ሙሉ ነው፣ የምናወራው እየተጯጯህን ነው። ራበኝ ስትለኝ ግማሽ ዳቦ ነበረኝ፣ መሪ በእጁ ምግብ አይስጥ ስለተባለ ዳቦውን መሃል ላይ ያለ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ከዚያ እሷ መጥታ አንስታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፣ እንደ ርግብ። አመሰግናለሁ ብላ ከዚያ ማዶ ጮኸች፣ አስተዳደጓ ጥሩ ነው፣ ማን እንዳሳደጋት ባላውቅም።

ጌታዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ፈርቻለሁ። በሩ ሲዘጋ እኔና እሷ መንገድ ላይ ነን፣ መንገዱ መብራት የለውም፣ የጭነት መኪኖቹ ደግሞ ጨለማን ተገን አድርገው እንዴት እንደሚነዱ ያውቁታል። እናቷ ለሥራ ሌላ ከተማ ናት፣ ቁጥሯን ቢሮው ለእኔ አይሰጥም፣ መዝገቡ ላይ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ጥያት ብሄድ፣ አፌ ቆርጦ አይናገረውም። እጇን ይዣት ብሄድ ደግሞ አንድ ሰው መንገድ ላይ ያየኛል፣ ልብስ ተኳሿ የሰብሳቢውን ልጅ በምሽት ይዛ ወዴት ነው የምትሄደው ይላል፣ ያኔ ማን ያምነኛል? እርስዎ ራስዎ ልጅዎ እዚህ ናት ስልዎ አላመኑኝም። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። ይህን ሥራ ማንም ሳይከፍለኝ ነው የምወደው፣ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሸሚዝ ተኩሼ ቅዳሜ ስትመጣ ሃያ ልጅ እትዬ ብሎ ወደ እኔ ይሮጣል፣ እሱን እንዳጣ አልፈልግም።

ያም ሆኖ ወስኛለሁ። በሩ ሲዘጋ አንዲት ልጅ ከእኔ ራቅ ብላ ጨለማ ውስጥ አትቆምም፣ ሜዳውን አቋርጬ እጇን እይዛለሁ፣ የመንገዱን ዳር ዳር ይዘን ወደ እማማ አዋላጅ ቤት እንሄዳለን፣ ምጥም ቢሆን እዚያ ትልቅ ሰው ሞልቷል። ነገ ማስጠንቀቂያውን ይለጥፉት፣ በሩ ላይ ገና ቦታ አለ፣ ልጆቹም አዲስ ቃል ይማሩበታል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሌላ መንገድ አለ፣ ሕጉ የሚለውን ሁለተኛ ትልቅ ሰው እኔ ፈልጌ አጣሁ፣ እርስዎ ይሁኑልኝ።

ስለ ልጆች ደኅንነት የሚያደርጉት ንግግር በጭብጨባ እንዲያልቅ፣ ቶሎም እንዲያልቅ፣ ወገብዎም ከመድረክ ሲወርዱ እንዳያስቸግርዎ እየተመኘሁ፣ ሁልጊዜ ለትእዛዝዎ ዝቅ ብዬ የምቆም፣

የትንንሾቹ ቡድን ረዳት መሪ፣ በሩ ላይ የተለጠፈችው

ማሳሰቢያ፦ ይህን ስጽፍ ልጅዎ ከማዶ ጠራችኝ። ሕጉን ለባጅ ብላ በቃሏ ይዛዋለች፣ አንድ ፊደል አትስትም። "እትዬ፣ አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን ከልጅ ጋር መሆን ክልክል ነው አይደል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ትንሽ አሰበችና "እንግዲያው እኛ ቤትም ክልክል ነው፣ አባዬ ሲመጣ እኔ ተኝቻለሁ፣ ሁልጊዜ እኔና ሠራተኛዋ ብቻ ነን" አለች። ጮክ ብላ ስለሆነ ዘበኛውም ሰሙ፣ ቁልፉን ማሽከርከር አቆሙ። ሕጉን ያወጡት እርስዎ ስለሆኑ እርስዎ ይመልሱላት። ይህን ልኬ ስልኩን ለእሷ ልሰጣት ነው፣ ሲደውሉ የምታነሳው እሷ ናት፤ ድምፅዎን ሰምታ ማን ልበል ብትልዎ አይቀየሙ፣ ልጅ ናት፣ አባቷ መሆንዎን ቀስ ብለው ይንገሯት። ብቻ ሳይጨልም ይደውሉ።