በእናታችን ግራና ቀኝ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለደብሬ፣ አሶሳ።

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚጠዘጥዝሽ ወገብሽስ ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽ ጋሽ ጸሐዩ ደህና ነው? ሥራውስ? ትንሿ ማዕረግስ እንዴት ናት? ባለፈው በስልክ «አጎቴ፣ እናንተ ጋ ፍየል አለ?» ብላ ስትጠይቀኝ ከሰው ፍየል ይበዛል ብዬ ሳልመልስላት መስመሩ ተቋረጠ፤ ንገሪልኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እናታችንም ጉልበቷን ከማለት በስተቀር ደህና ናት። ጾሙን ይዛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አትቀምስም። «እማዬ፣ እንዲህ እያመመሽ ለምን ቀለል አታደርጊውም?» ብላት «ያመመኝ ጉልበቴ ነው እንጂ አፌ አይደለም» አለችኝ። እንግዲህ በዚህ ጤንነቷን ለኪው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይኝ። ኔትወርኩ የተገኘ ቀን ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ የሚቀመጠው እናታችን ጭን ላይ ነው። እኔ ካንቺ ጋር የማወራው በሷ ጉልበት በኩል ነው ማለት ይቻላል። የምነግርሽ ደግሞ በሷ ጆሮ የሚነገር አይደለም። ጓዳችንን ተከራይቶ የነበረው፣ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሠራው ጎጃሜው ወንዳወቅ ዝውውሩ ደርሶለት ነገ ጠዋት ይሄዳል። ባሕር ዳር ሲደርስ ደብዳቤውን ወደናንተ ለሚመጣ የአውቶቡስ ሹፌር እሰጥልሃለሁ ብሎኛል።

እኔ እንደምታውቂው በውሃ ምህንድስና ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ውሃ በሌለበት አገር የውሃ መሐንዲስ ሥራ ያጣል ብሎ ማን ይገምታል? ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ማንበብ ሱስ ሆኖብኛል። ሁሉም «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። ልምዱን ከየት አባቴ ላምጣው? አምና ይህን ጊዜ ውሎዬ ከቤት መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ቤት ነበር። የሚወጣውን መኪና አይቼ እመለሳለሁ። መንገዱ ሲዘጋ ሰው ሁሉ እንደኔ ስለሚሆን ይሻለኝ ነበር። ሲከፈት ነው የሚብሰኝ።

አንድ ቀን ከገበያው በላይ ያለው ፎቶ ቤት ባለቤት፣ ጋሽ ዓለምብርሃን፣ ያ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ጉርድ ፎቶ ያነሳሽ ሰውዬ፣ ከበሩ ላይ ሆኖ ጠራኝ። «አንተ የይታየሽ ልጅ፣ እዚህ መንገድ ላይ ጉድጓድ ልታወጣ ነው በመመላለስ፤ ግባና ሙያ ተማር» አለኝ። ገባሁ። ከመስከረም ጀምሮ እዚያው ነኝ።

የመጀመሪያውን ወር ካሜራ አላስነካኝም። ከካርቶን ላይ የመዳፍ ስፋት ያላት መስኮት ቆርጦ ሰጠኝና «ከተማውን በዚህች እያየህ ና፤ ማታ ስትመለስ ምን እንዳስገባህ አትንገረኝ፣ ምን እንዳስቀረህ ንገረኝ» አለኝ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ካርቶኔን ፊቴ ላይ ደግኜ ሰቆጣን ዞርሁ። «ምንይሉ ተምሮ ተምሮ ካርቶን ውስጥ ገባ» አሉኝ ሰፈሮቻችን። ይበሉ። እታለም፣ ተወልጄ ያደግሁበትን ከተማ ያን ወር ነው ያየሁት። ከቀትር ብርሃን በታች የቆመ ሰው ዓይኑ ጉድጓድ እንደሚመስል፣ ያው ሰው በር ሥር ጥላ ውስጥ ሲገባ ፊቱ እንደሚለሰልስ አላውቅም ነበር። ቀጥሎ መስመሮቹን አስተማረኝ። የካሜራውን መስታወት በሐሳብ ሁለት መስመር ወደ ታች፣ ሁለት መስመር ወደ ጎን ያሰምሩበትና ዘጠኝ ቤት ይሆናል። ሰውን ሁልጊዜ መሀል ቤት አታስቀምጠው፣ ወደ ዳር ውሰደው፣ በሚያይበት በኩል ባዶ ቦታ ተውለት፣ ዓይን የሚሄድበት ይፈልጋል አለኝ። ይህን ስሰማ ስለኔ የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

ግን ማንን እንደማነሳ ታውቂያለሽ? የሚሄደውን ነው። ለፓስፖርት፣ ለዝውውር ፋይል፣ ለቅጥር። «አገጭዎን ቀና ያድርጉ፣ ጆሮዎ ይታይ» እላለሁ፤ ስድስት ጉርድ ፎቶ ቆርጬ እሰጣለሁ፤ በሳምንቱ ሰውየው ሰቆጣ ውስጥ የለም። ወንዳወቅንም ያነሳሁት እኔ ነኝ።

በጥር አንድ የገበያ ቀን ቢምረው የሚባሉ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር ከጽጽቃ መጡ። ሁለቱን በተማርሁት መሠረት ወደ ግራ አድርጌ፣ በቀኝ በኩል ባዶ ትቼ አነሳኋቸው። ሥዕሉ ሲወጣ ሽማግሌው አገላብጠው አዩትና «ይሄ ቦታ የማን ነው?» አሉኝ። «አባባ፣ ለዓይን ማረፊያ ነው፤ ለፎቶው አየር ይሰጠዋል» ብላቸው «አየርማ ጽጽቃም ሞልቷል ልጄ፤ አየር ፍለጋ ይሄን ሁሉ መንገድ አልመጣሁም» አሉ። ጋሽ ዓለምብርሃን ከጓዳ ሆኖ ሳቁ ሲፈነዳ ተሰማኝ። ባለቤታቸው ግን አልሳቁም። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሳውዲ የሄደ ልጃቸውን ትንሽ ፎቶ አወጡና «ቦታ ካለህማ እሱን አስቀምጥልኝ» አሉኝ።

ይሄ የፎቶ ቤቱ ዋና እንጀራ ነው ለካ። የሌለውን ሰው በኮምፒውተር ቆርጦ ካሉት ጎን ማቆም። ጋሽ ዓለምብርሃን አጠገቤ ቁጭ ብሎ አሳየኝ። ቁመቱን ከወላጆቹ ጋር ታስተካክላለህ፣ ብርሃኑ ከየት በኩል እንደመጣ ታያለህ። እኔም ሙሉ ቀን ደክሜ ልጁን ከጎናቸው አቆምሁት። በማግስቱ እናትየው አዩት፤ ደስ አላቸው፤ ከዚያ ወደ ታች ሲያዩ አማተቡ። «ምነው ልጄ መሬት አልረገጠምሳ!» አሉ። ከእግሩ ሥር ጥላ መሥራት ረስቼ ኖሯል። ከወላጆቹ ጫማ ሥር ጥቁር ጥላ አለ፣ ከሱ ሥር የለም። እኛ ዘንድ ደግሞ ጥላ የሌለው የሞተ ሰው እንደሆነ ታውቂያለሽ። አልወስድም ብለው አስቀመጡት። ጥላውን ሠርቼ እንደገና እስካሳጥበው ድረስ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፤ ወደ ውስጥ እንኳ አልገቡም።

ይህን ለእናታችን ነግሬያት ነበር። ለሳቅ ብዬ ነው የነገርኋት። በሳምንቱ ብቅሏን ሸጣ፣ ባዶ ጆንያዋን አጣጥፋ ፎቶ ቤት ድረስ መጣች። «ለጽጽቃዎቹ ያደረግህላቸውን ለኔም አድርግልኝ። ደብሬን ከነልጇ በቀኜ፣ አንተን በግራዬ» አለችኝ። ጋሽ ዓለምብርሃን ለቅሶ ሄዶ ስለነበር የሚያነሳን ሌላ ሰው የለም። እሷን ብቻዋን አንስቼ ራሴንም እንዳንቺ በኋላ እጨምራለሁ አልሁ። አግዳሚ ወንበሩን አውጥቼ በሩ ሥር ጥላው ውስጥ አደረግሁና መሀሉ ላይ አስቀመጥኋት። ነጠላዋን አስተካከለች። እኔ ካሜራውን ሳስተካክል እሷ ምን አደረገች መሰለሽ? ሁለት እጆቿን በግራና በቀኝ አግዳሚው ላይ፣ መዳፏን ወደ ታች አድርጋ ዘረጋች። መኪና ላይ ወይም ለቅሶ ቤት ቀድሞ የገባ ሰው ለዘመዱ ቦታ እንደሚይዘው። የካሜራውን ቁልፍ ተጫንሁት።

ደብሬ፣ ከዚያ የተሻለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። የተማርሁትን ሁሉ ያፈረሰ ነው፤ ሰው መሀል ላይ፣ ባዶ ቦታ በሁለት ወገን። ጋሽ ዓለምብርሃን ሲመለስ አሳየሁት፤ «ምንም እንዳትነካው» ብቻ አለኝ።

ዋናው ጉዳዬ ከዚህ ይጀምራል። ባሕር ዳር ውስጥ የስድስት ወር የፎቶና የቪዲዮ ሥልጠና አለ፤ ከየዞኑ ጥቂት ሰው በነፃ ይወስዳሉ፣ ማደሪያም ይሰጣሉ። ሦስት ፎቶ ላኩ ብለው ነበር። ሁለቱ የጋራውና የገበያው ናቸው። ሦስተኛው የእናታችን ነው። ሳላስፈቅዳት ላክሁት። በየካቲት መጨረሻ ኔትወርክ ሲመጣ መልሱ አብሮ መጣ፤ ተቀብለውኛል። ስለ ጋራውና ስለ ገበያው አንድ ቃል የለም፤ የጻፉት ስለ እጆቿ ብቻ ነው። ግንቦት አራት ይጀመራል።

በዚያው ቀን ነገርኋት። መደበቅ አልቻልሁም፤ ደስታዬ ፊቴ ላይ ነበር። በአገውኛው፣ በኽምጣንጋ፣ ተናገረች። ነገሩ ሲመርራት ወደዚያ እንደምትሄድ ታውቂያለሽ። «ለናንተ የያዝሁትን ቦታ ለሰው አሳየኸው» አለችኝ። ከዚያ ወደ አማርኛ ተመልሳ፣ ረጋ ብላ፣ «ደብሬ ስትሄድ ሁለት ዓመት ብላኝ ነበር። ሰባት ሆነ። ከሁለቱ አንዱ መጥቶ ሳይቀመጥ ሌላው አይነሳም» አለች። እኔ ሞኙ ደግሞ «ደብሬን ከነማዕረግ ፎቶ አስልኬ በቀኝሽ አስቀምጥልሻለሁ» አልኋት። «ወረቀት ውሃ ያቀብለኛል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ባሕር ዳር አንስታ አታውቅም።

እኔ ግን ሞክሬው ነበር፤ ልዋሽሽ አልፈልግም። የሠርግሽን ፎቶ ከስልኬ አውጥቼ ኮምፒውተሩ ላይ አግዳሚው ላይ ላስቀምጥሽ ታገልሁ። ያንቺ ብርሃን ከቀኝ ነው፣ የሷ ከግራ። ይህንስ ማስተካከል ይቻላል። ያልተቻለው እጇ ነው። አንቺን እዚያ ለማስቀመጥ ጣቶቿን መደምሰስ ነበረብኝ። ሁለቱን ጣቶች ካጠፋሁ በኋላ መቀጠል አቃተኝ፤ መልሼ አወጣሁሽ።

መታሰር ምን እንደሆነ ልንገርሽ? በሩ አልተቆለፈብኝም። ቢቆለፍብኝ ሰብሬ እወጣ ነበር። ወንዳወቅ ነገ በሚሄድበት መኪና ላይ አንድ ቦታ አለ፤ «ና ውጣ፣ ከደረስህ በኋላ ይቅርታ ትጠይቃለህ፤ እናት ምን ጊዜም ይቅር ትላለች» እያለ ሦስት ቀን ወተወተኝ። ቦርሳዬን ሁለት ጊዜ አዘጋጅቼ ሁለት ጊዜ ፈትቻለሁ። ሁለተኛውን ስፈታ እናታችን አየችኝ። የፈታሁትን ሸሚዝ ተቀብላኝ አጠፈችው። ሸሚዝ በማጠፍ ሰው እንደሚታሰር አላውቅም ነበር።

በዚህ መካከል ተቆጥቼሽ ነበር እታለም። አንቺ ቀድመሽ ስለወጣሽ ነው እኔ የቀረሁት ብዬ። ቀድሞ የወጣ በሩን ከፍቶ ይተዋል ይባላል እንጂ ዘግቶት ይሄዳል ብዬ። መንገዱም ጦርነቱም ወሊዱም እንደከለከለሽ አውቃለሁ። ግን አውቆ አለመቆጣት ከባድ ነው። አሁን ስለወጣልኝ ጻፍሁት።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ለፋሲካ ነይ። ማዕረግን ይዘሽ ነይና እስከ ግንቦት መጀመሪያ ተቀመጪ። እኔ ልነሳ የምታገልበትን አግዳሚ አንቺ ተቀመጪበት ማለቴ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አሳምሬ ልነግርሽ አልሞከርሁም። ልትሄጂ ስትይም ጉልበቷን ይዛ ዝም እንደምትልሽ አውቃለሁ። ስድስቱን ወር ስጨርስ እመለሳለሁ ብዬ ብምልልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን አንቺም ምለሽ ነበር። ስለዚህ አልምልም። እፈልጋለሁ ብቻ ልበልሽ።

ፎቶውን በደብዳቤው ውስጥ አድርጌዋለሁ። ጋሽ ጸሐዩና ልጅቱ በሌሉበት እይው። ለባሕር ዳሮቹ እስከ ሚያዝያ አንድ ማረጋገጫ መስጠት አለብኝ፤ ካልሆነልኝ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል። ስለዚህ ሳትዘገዪ ደውዪ። ስትደውዪ ስልኩ ያው እናታችን ጭን ላይ ነው የሚሆነው። አትሸሽጊ። እመጣለሁ ካልሽም፣ አልመጣም ካልሽም እሷም ትስማው። ፎቶ ግን አትላኪ።

ለጋሽ ጸሐዩ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ይህን በመጠየቄ እንዳይቀየመኝ። ማዕረግን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ፍየሎቹ እየጠበቋት ነው። ለባለቤትሽ እናት ለእትዬ እታገኝም ከነቤተሰባቸው ሰላም በይልኝ። ጋሽ ዓለምብርሃን «ያቺ ፎቶ ስትነሳ ዓይኗን የምትጨፍነው ልጅ ደህና ናት?» ብሎሻል።

እናታችን አሁን ከቤተ ክርስቲያን ገባች። «ለማን ነው ይሄን ሁሉ የምትጽፈው?» አለችኝ፤ «ለደብሬ» አልኋት። ቆማ ወረቀቱን አየችው። «ከኔም ሰላም በልልኝ። ሌላ ከኔ በኩል ምንም እንዳትጽፍ» አለች። ጽፌያለሁ፤ ከሷ በኩል ሰላምታ ብቻ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ ምንይሉ
ሰቆጣ፣ መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.