እግርህን የረገምኩ ዕለት

ሰይዴ፣ አካሌ፣ የለይላ አባት፤

አላህ ቀብርህን ኑር ያድርግልህ። ከሞትክ ሁለተኛ ዓመትህን ይዘሃል። እኔ ግን መርዶህን ከሰማሁ ገና ስምንት ወሬ ነው፤ ለእኔ አሁን ነው የሞትክብኝ።

ቤታችን ደህና ነው፤ ጣሪያውን ወንድምህ ጠግኖታል። እናቴም አለች። የስኳር መድኃኒቷን አሁን እዚሁ ሐይቅ እናገኛለን። በጦርነቱ ፋርማሲው ተዘርፎ፣ መኪናም ጠፍቶ፣ ለእሷ ብለህ አይደል በእግርህ ወደ ደሴ የተነሳኸው? ሮጬ እመለሳለሁ አልካት አሉ። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ጥይት መንገድ ላይ አገኘህ። ዛሬም መርፌዋን ስትወጋ ታለቅሳለች።

እኔ ያኔ አረብ አገር፣ ሰው ቤት ነበርኩ። ተቋርጦ የቆየው ስልክ ሲከፈት የሁሉንም ድምፅ ሰማሁ፤ ያንተን ብቻ አጣሁ። ሰይድ የታለ ስል፣ አዲስ አበባ ልምምድ ገብቷል፣ ካምፕ ውስጥ ስልክ አይፈቀድም አሉኝ። በሰው አገር ማን ደግፎ ያስለቅሳታል ብለው ነው፤ እኔም ብሆን መርዶ በስልክ አልናገርም። ግን አመንኳቸው፣ እኔ ሞኟ! ወሩ ሲረዝም ሌላ ለምዷል ብዬ ጠረጠርኩህ። አንድ ቀን ንዴቴ ገንፍሎ፣ ከእኔና ከልጅህ ሩጫህ ከበለጠብህ እግርህን ይስበረው ብዬ በድምፅ ላኩልህ። ከሞትክ አምስት ወር አልፎህ ነበር።

ያንን እግር! ለውጥ መጣ በተባለ ሰሞን የአሥር ሺህ ሜትር ሻምፒዮን ሆነህ ስትመጣ የሐይቅ ባጃጅ ሁሉ ጥሩምባውን እየነፋ አጀበህ። አንተ አፍረህ ጃኬትህን ተከናነብክ። ዋንጫውን ይዤ የተንጎራደድኩት እኔ ነኝ፤ ወላሂ፣ የሮጥኩት እኔ ነበር የሚመስለው።

ወደ አገሬ ስመለስ ግቢያችን በሰው ተሞልቶ ጠበቀኝ። እኔን ሊቀበሉ የወጡ መስሎኝ እየሳቅኩ ገባሁ። ያ ሳቄ አሁንም ያሳፍረኛል።

ያሠለጠንካቸው ሴቶች ዛሬም በየጠዋቱ የሐይቁን ዳር ይዘው እስከ እስጢፋኖስ ገዳም ይሮጣሉ። ሦስቱ ክለብ ገብተዋል። ለይላም ተቀላቅላለች፤ ክርኗን እንዳንተ ወደ ውጭ ትወረውራለች፣ ሰብስቢ ቢሏት አትሰማም።

በቀብርህ ቀን ሼኹ አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት ሲሉ፣ ክርስቲያኑ ጎረቤት ሳይቀር አውፍ ብለናል አለ አሉ። የቀረሁት እኔ ሚስትህ ነኝ። ይኸው አውፍ ብዬሃለሁ፣ ሰይዴ፤ የበደልከኝም አልነበረም። የበደልኩህ እኔ፣ አውፍ በለኝ ብዬ የምለምነው አንተን፤ አንተ ደግሞ የለህም። ሼኹ አብሽሪ፣ አላህ ልብሽን ያውቃል ይሉኛል። እኔ ግን ካንተ አፍ መስማት ነበር የምፈልገው።

በየሶላቴ ዱዓ አደርግልሃለሁ። ለይላም አባቷ ለማን ብሎ እንደወጣ ታውቃለች፤ ከእሷ የምደብቀው የለም። እስክንገናኝ ድረስ አልረሳህም፤ ያልኩህንም አልረሳውም።