የራስጌው ገመድ

አርድቬን
ሴፕቴምበር 24

ወንድሜ ሩዌሪ፣

ደህና መሆንህን ከላክኸው የጉዞ ዕቅድ ተረድቻለሁ፤ ስለዚህ አልጠይቅህም። አንተም እኛን አልጠየቅኸንም። የጠየቅኸው የጀልባው ቤት ጣሪያ አሁንም ቀይ መሆኑን ነው። ቀይ ነው። ዝገት ነው።

ኢሜይልህን ያነበብኩት ዶሊና ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው። ቤታችን ኔትወርክ እንደማይደርስ ረስተኸው ይሆናል። ዶሊና በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርታ ማንበብ አሁንም አልተወችም። «ጎህ ሲቀድ፣ ሎክ ቬረን ሐይቅ፣ ጭጋግ» የሚለውን ስታይ፣ «ጭጋጉን ለስንት ሰዓት ነው ያዘዘው?» አለች። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ፎቶ ማንሳት እንድታስተምራቸው ከፍለው የሚከተሉህ ሰዎችህ እኛ ቤት ቁርስ እንዲበሉ አስበሃል። «እህቴ ኢሽቤል እውነተኛ የደጋ ቁርስ ትሠራላችኋለች» ብለህ ለማያውቀኝ ሰው ሁሉ ቃል ገብተሃል። የአጃ ገንፎ እሠራለሁ፣ አዎ። አሁን የምሠራው ግን ለአንድ ሰው ነው፤ እሱም ሁለት ማንኪያ ይቀምስና ፊቱን ያዞራል። ስለ እሱ በኋላ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ዕቅድህን ልጨርስ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ቡድንህን ይዘህ ቤን ኮራ ሸንተረር ላይ ልትወጣ ነው። በኦክቶበር መጨረሻ! ሴት አጋዘን መታደን በሚጀምርበት ሳምንት! ሌላ ሰው ቢጽፈው ከተሜ ነው፣ አያውቅም እል ነበር። አንተ ግን የአደን መሪ ልጅ ነህ። አባባ ዕድሜውን ሙሉ የሠራበት ተራራ ነው። ሳይጠይቁ የሚወጡትንና ሙሉ ቀን የተደከመበትን መንጋ የሚያስበረግጉትን ጎብኚዎች ከእሱ እኩል ስትሰድብ አድገሃል። አሁን ደማቅ ጃኬት የለበሱ ሰዎች አስከትለህ፣ ጥይት ወደሚተኮስበት ገደል ልትወጣ ነው። ማን እንደሚያድን፣ በየት በኩል እንደሚያድን ለማንም ስልክ አልደወልክም። ከሰዎችህ አንዱ ቢመታ ተጠያቂው የተኮሰው ሳይሆን አንተ ነህ።

ሦስተኛው ቀን እሁድ ነው። እሁድ እዚህ ጀልባ እንደማይወጣ፣ ልብስ እንኳ እንደማይሰጣ ታውቃለህ፤ ግን እሱንም እንደ ማንኛውም ቀን ቆጥረኸዋል። ይሁን፤ ከዚህ ሄደህ እምነትህን ለውጠህ ይሆናል፣ የእኔ ጉዳይ አይደለም። የእኔ ጉዳይ የሚሆነው ለዚያ እሁድ የጻፍከው ነው። «የመቃብሩ አጥር። ታዋቂው ፎቶ የተነሳበት ቦታ። እያንዳንዱ ተሳታፊ በተራ ይቆማል።»

እዚህ ላይ ስደርስ ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ዶሊናን ሻይ ቅጠል ስጪኝ አልኳት። ሳትስቅ ሰጠችኝ። እሷም አንብባዋለች።

ስለዚያ ፎቶ ለሰዎችህ ምን እንደምትነግራቸው አላውቅም። የሆነውን እኔ ልንገርህ። አንተ በካሜራህ መስታወት ስታይ ስለነበር ምናልባት አላየኸውም።

የእማዬ ሣጥን ጉድጓዱ ላይ በተጋደሙት ሳንቃዎች ላይ ነበር። ቀብር አስፈጻሚው ስም እየጠራ ሣጥኑ የሚወርድባቸውን ገመዶች አደለ። መጀመሪያ የራስጌውን፣ ለአንተ። የእናት ራስጌ የወንድ ልጅ ነው፤ ይህን የአርድቬን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። አባባ ግርጌ ቆመ። ገመድህን ተቀበልክ፤ እጅህ ላይ አይቼዋለሁ። ከዚያ ደመናው ተከፈተና ከሐይቁ ማዶ ተራራው ላይ ብርሃን ወደቀ። ያምር ነበር፤ አልክድም። አንተ ገመዱን ሣሩ ላይ አስቀመጥክና አጥሩ ላይ ወጣህ።

ቆፋሪዎቹ አቀርቅረው ሳንቃዎቹን ሲስቡ አላዩህም። ፓስተሩ «ሩዌሪ!» ብሎ ተጣራ። አንተም፣ «አንዴ፣ አንዴ ብቻ» አልክ። የአባባ ጓደኛ ቶርኲል ከኋላችን ዘልሎ ገመድህን ባያነሳ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ዘግይቶ ስለያዘው ግን ራስጌው ዘቀጠ። እናትህ ጉድጓዷ ውስጥ የገባችው ዘንበል ብላ ነው፤ ሣጥኑ ግድግዳውን ሲፍቅ ሁላችንም ሰምተናል። ከቀብር መልስ ሻይ ላይ አንድም ሰው ስለሱ አላነሳም። የዚህ አገር ሰው በጣም ሲቆጣ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ አንተ ግን ይቅር እንደተባልክ ቆጠርከው።

ከታች እኛን ከነገመዶቻችን፣ ከላይ ተራራውን የያዘው ፎቶ ኤድንበራ ተሸለመ። ቀጥሎ ፖስት ካርድ ሆነ። ቶርኲል ኢንቨርነስ ከአንድ ሱቅ ገዝቶ አመጣውና ለአባባ አሳየው። «ጀርባዬ ታዋቂ ሆኗል» አለ። «ፊቴን ቢያነሳው ኖሮ ማንም አይገዛውም ነበር።» አባባ አልሳቀም። መስኮቱ ጋ ወስዶ ብርሃን ላይ ብዙ ቆሞ አየው። «የራስጌው ገመድ ላልቷል» አለና ካርዱን ለቶርኲል መለሰለት። ከዚያ በኋላ ስምህን አንስቶ አያውቅም። አንተም በየገናው ራስህ ያነሳኸው ፎቶ ያለበት ካርድ ከመላክ በቀር ብቅ አላልክም።

አሁን ስለ ጀልባው። «አባባ ሰዎቹን በጀልባ ያሻግርልኝ፤ ፊቱ ለፎቶ ይሆናል» ብለሃል። ጀልባው ከኤፕሪል ጀምሮ ሣሩ ላይ ተገልብጦ ነው ያለው። አባባ መቅዘፍ አይችልም። ከአልጋ ወደ ወንበር የማሻግረው እኔ ነኝ። ቆሽቱ ነው። ካንሰር ነው። ኢንቨርነስ ስወስደው ዶክተሯ የሚቆረጥም የሚታከምም ነገር የለም አለች። እሱም፣ «እንግዲያውስ ወደ ቤት እንሂድ፤ መንገዱ ሳይጨልም» አላት።

እንዳልጽፍልህ ከልክሎኝ ነበር። መኪና ውስጥ ነው የነገረኝ፣ መንገዱን እያየ። «ለዚያ ልጅ እንዳትጽፊለት።»

«ልጅህ እኮ ነው።»

«ስሞት ብቻ ልጅ የሚሆነኝ ሰው አልፈልግም።»

እኔም ቃሌን ጠብቄ ሳልጽፍ ቆየሁ። አሁን ቀድመህ የጻፍከው አንተ ነህ። ስለ ጀልባ ጠየቅኸኝ፣ ስለ ጀልባ መለስኩልህ። ከዚህ ሌላ ያደረግሁት ነገር የለም።

ነርሷ ኦክቶበርን አይጨርስም ትላለች። እንግዲህ አንተ ባልከው እሁድ እዚያ አጥር ሥር አፈሩ ገና ያልደረቀ ሊሆን ይችላል። ለሰዎችህ ንገራቸው። ምናልባት ይበልጥ ይወዱት ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት አባባ ቶርኲልን አስጠርቶ የራሱን ቀብር ገመዶች አደለ። ትራስ ደግፌለት ተቀምጦ፣ በግ እንደሚሸጥ ሰው እያሰላ አደለ። «ራስጌ ኢሽቤል» ብሎ ጀመረ።

ቶርኲልን ሻዩ ትን አለው። «ሴት? ፋርከር፣ መድኃኒቱ ነው የሚያናግርህ?»

«ዘንድሮ እኔን የሚያነሳኝና የሚያስቀምጠኝ ማን ነው? አንተ ነህ?»

«አላልኩም። ግን ሽማግሌዎቹ ምን ይላሉ? ፓስተሩስ?»

«የሚከፋው ካለ ቤቱ ይቀመጥ። እኔ አልቀየምም።»

ቶርኲልን ግርጌ አደረገው። ሌሎቹን ለጎረቤትና ለድሮ የአደን ጓደኞቹ አደለ፤ ሁለቱ ከእሱ በፊት ሊሞቱ የሚችሉ ናቸው። የግራ ትከሻው ገመድ ጋ ሲደርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«እዚያስ?» አለ ቶርኲል።

«ይቆይ።»

«ይቆይ የሚባል ሰው እዚህ አካባቢ አላውቅም።»

«አፍህን ዝጋና ሻይህን ጠጣ።»

ቶርኲል ከሄደ በኋላ ጠየቅሁት። የግራ ትከሻው የማን ነው አልኩት። ሊዘንብ ነው፣ እንጨቱን አስገቢ አለኝ። ከውጭ ስመለስ የተኛ መሰለ። እንዳልተኛ ያወቅሁት ግን እጁ ብርድ ልብሱን ጨምድዶ ስለያዘ ነው።

አሁን በደንብ ስማኝ። ራስጌውን አልሰጥህም። ወንድ ልጁ ነኝ ብለህ፣ ወግ ነው ብለህ፣ ሽማግሌ ልከህ እንዳትሞክረኝ። ያጠብኩት፣ ያበላሁት እኔ ነኝ፤ ሲያመው የሚሰድበውም እኔን ነው። የትምህርት ቤቱን ወጥ ቤት ሥራ ለቅቄያለሁ። በጎቹን ሸጫለሁ። አንተ በዚህ ዓመት አርባ ጊዜ ተራራችንን በኢንተርኔት ለጥፈሃል፤ ዶሊና እየቆጠረች ትነግረኛለች።

እኔ ብሆን ደግሞ ያን የግራ ትከሻ ለዶሊና ውሻ እሰጠው ነበር። ውሻው ቢያንስ ሲጠሩት ይመጣል። ግን ገመዱ የእኔ አይደለም፤ የሚያድለው አባባ ነው፤ እሱም ለማንም አልሰጠውም። ቶርኲል ትናንት ለእህቱ ልጅ ይሁን ብሎ ሊያግባባው ሞከረ። አባባ ዓይኑን ሳይገልጥ «ተይዟል» አለው።

ለሰዎችህ ሌላ ቦታ ፈልግላቸው። ስኮትላንድ የሐይቅም የተራራም እጥረት የለባትም። ገንዘባቸውን ከተቀበልክ መልስላቸው ወይም ሌላ መሪ ቅጠርላቸው። የሰዎችህ ጉዳይ ራስን ያዞራል ብለህ እንዳትጽፍልኝ፤ ራሴን የሚያዞር በቂ ነገር አለኝ።

ና አላልኩህም። አባባም አልጠራህም። ሌላ ሰው ይህን ደብዳቤ ቢያነበው እንደዚያ የሚል ቃል አያገኝበትም። ግን ያን ጊዜ ስላልተማርከው፣ የገመዱን አያያዝ ልንገርህ።

የግራ ትከሻ የሚይዘው ሰው ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ነው የሚቆመው። ገመዱን እጅህ ላይ አትጠምጥመው፤ ቢከብድ ይዞህ ይወርዳል። ሳንቃዎቹ ሲሳቡ ክብደቱ በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፤ ያስደነግጣል፣ ወዲያው ግን ይለመዳል። አባባ ከስቷል፤ ያን ያህል አይከብድም። ከእኔ እኩል ልቀቅ፣ አትቅደመኝ፣ አትዘግይብኝ። የምታየው እኔን እንጂ ተራራውን አይደለም። ሣጥኑ ሲያርፍ ገመዱን ጣለውና ባለህበት ቁም። ለዚህ ሁለቱም እጆችህ ያስፈልጋሉ።

እግዚአብሔር በምትሄድበት ሁሉ ይጠብቅህ፤ ወዴት እንደምትሄድ የምታውቀው አንተ ነህ።

እህትህ
ኢሽቤል