ሃያ ደቂቃ በሲቀላ ጉልት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ከቀኑ 7፡10

ዛሬም ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሙዝ ሻጯን ነው የምልህ፣ ደብተሬ። ሰባተኛ ሳምንታችን ነው። እርሳሴን ሳወጣ ዞር ትላለች። እስካሁን ያለኝ የሷ ሥዕል ሁሉ ሻሽና ማጅራት ነው።

ይሁን፣ ጀርባም ይሣላል ብዬ ጀመርኩ። ማጅራቷን ጨርሼ ወደ ትከሻዋ ስወርድ ባጃጅ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ሹፌሩ ምሳ ሊበላ ገባ። ጠበቅኩ። አሁንም ጠበቅኩ። ሰዓቴ አለቀ። የባጃጅ ጎማ ሣልኩ። ድንች ይመስላል።

ሕጉ ግልጽ ነው፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በምሳ ሰዓት፣ ሃያ ደቂቃ፣ ፊቴ ያለውን ነገር። ቅዳሜ ልብስ አጥባለሁ፣ እሁድ አርፋለሁ። ሕጉን ያወጣሁት በንዴት ነው። ነሐሴ ላይ አንድ ቤት የሚያሠሩ ሰውዬ ቢሮ መጥተው የበሩን ነገር እስቲ በወረቀት አሳዪኝ አሉ። እኔ፣ አምስት ዓመት አርክቴክቸር የተማርኩ፣ አራት ዓመት እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ፕላን የሠራሁ ሴት፣ በር መሣል አቃተኝ። እጄ የሚያውቀው ማውዝ ብቻ ነው። ሰውዬው እርሳሱን ተቀብለው ራሳቸው ሣሉት። ጥሩ በር ነበር። እሱ ነው ያበሳጨኝ።

ማክ.፣ ጥቅ. 4። 11፡25

ዝናብ። መድኃኒት ቤቱ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። ከኔ ጋር አሥር ሰው። አሥሩም ሃያሲ። አንዱ አፍንጫው ረዝሟል ይላል። ሌላው ሰውዬውን አታውቃቸውም እንዴ፣ እንዲያውም አጥሯል ይላል። አንዲት ተማሪ እኔንም ሣይኝ አለች። ሣልኳት። አየችው። ምንም ሳትናገር ወደ ዝናቡ ወጣች።

አፍንጫው የጋሽ ሻንካ ነው። የዶርዜ ሸማኔ ናቸው፤ ጉልቱ ጥግ ላይ ቡሉኮና ጋቢ ይሸጣሉ። ከሻጮቹ ሁሉ ፊታቸውን የማያዞሩብኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። አማርኛቸው በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ ሴት መሆኔ ሳይጠፋቸው «አንተ» ይሉኛል። ሁለቴ አረምኳቸው። ተውኩት።

ዛሬ ዝናቡ ሲያባራ ጠሩኝ።

«አንተ፣ ይሄ የምትጽፈው ለቀበሌ ነው?»

አይደለም፣ ለራሴ ነው አልኳቸው።

«ለራስህ ምን ያደርግልሃል?»

ከሰዓት ሙሉ ሥራዬን ትቼ መልስ ስፈልግ ዋልኩ። አላገኘሁም።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 6። 11፡40

ትናንት ስብሰባ ነበር፤ አልሣልኩም። ዛሬ ደግሞ ባልሣልኩ ኖሮ።

ገና አንድ መስመር ሳሰምር ሙዝ ሻጯ ሙዟን በሸራ ሸፈነች። መንገዱን ተሻግራ መጣችና ደብተሬን ከእጄ ወሰደችው። (የሥዕሉን ነው። አንተ ቤት ነበርክ።) ገጽ በገጽ ገለበጠች። ጎረቤቶቿ ከበቡን። ማን ላከሽ? ማንም። ታዲያ በየቀኑ እየመጣሽ ለምን ትቆጥሪናለሽ? ኧረ እየሣልኩ ነው! ለምን? እንደገና ያው ጥያቄ።

ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ነበሩ። እዚያም አንዲት ሴት ደብተር ይዛ መጣች። ፈገግ እያለች፣ ደህና ዋላችሁ እያለች። በወሩ ዳሳቸው ፈረሰ። የት ይድረሱ ያለ ሰው አልነበረም። ይሄን ሁሉ ስትነግረኝ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እኔ ነኝ የጮህኩት። እናቴን ብዬ መማል ስጀምር እጇን አነሳች።

«አትማይ። እኛ መማል አንወድም። ሰው ልኮሽ ከሆነ አዎ በይ፤ ካልሆነ አይደለም በይ።»

«አይደለም።»

ዓይኔን አየችው። ከዚያ ደብተሩን መለሰችልኝ። ስሟ ዘነበች ነው።

ምሳ ሳልበላ ቢሮ ገባሁ። ሃያ ደቂቃ እርሳስ መያዝ በዚህ አገር እንዲህ ከባድ ነገር ነው?

ዓርብ፣ ጥቅ. 7። 7፡30

ፊቷን ሰጠችኝ! በመጨረሻ!

ምን ያደርጋል። ለመታወቂያ ፎቶ እንደምትነሳ ደርቃ ተቀመጠች። ትንፋሿን ሁሉ ያዘች መሰለኝ። እንደ ወትሮሽ ሁኚ ብላት ባሰባት። ደንበኛ መጥቶ ሙዝ ሲጠይቅ በዓይኗ ብቻ መለሰችለት፤ ሰውዬው ሄደ። ስጨርስ አየችውና አንገቴን አሳጠርሽው አለች። አንገቷ አጭር ነው። ምን ላድርግ?

አሁን ደግሞ ሁሉም ሣይን አሉ። ዘጠኝ ሰው ናቸው፤ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ሽፈራው ቅጠል፣ ዳጣ፣ የጋሽ ሻንካ ቡሉኮ። የዳጣዋ ሴት ነጭ ቀሚሴን ለብሼ እስክመጣ ቆዪ አለችኝ። እኔ የምፈልገው በዳጣ የቀላ እጇን ነው።

ወ/ሮ ዘነበች ሙዟን ከኩልፎ ወንዝ ዳር በጋሪ ነው የምታስመጣው። ባሏ የለም። አንዲት ልጇ ሁለተኛ ዓመት ነርሲንግ ናት። ሸራውን በአገጯ እያመለከተችኝ፣ ልጄ ከዚህ ሥር ነው የምትማረው አለችኝ። ይሄን ስትል መሣሏን ረስታ ነበር መሰለኝ፣ ፊቷ ተፈታ። በፍጥነት ሣልኩት። ጥሩ ሆነ። እውነቴን ነው፣ ጥሩ ነው።

ማክ.፣ ጥቅ. 11። 11፡50

የዛሬውን ልጻፈው።

ዛሬ ጠዋት ኢንጂነር (አለቃዬ) አዲስ ሥራ ሰጠኝ። የመንገድ ማስፋፊያ። ቅየሳው አልቋል፣ የቀረው ሥዕሉን አጽድቶ ማተም ነው፣ እስከ ሰኞ ይድረስ አለኝ። ፋይሉን ከፈትኩ። መንገዱን አወቅኩት። መድኃኒት ቤቱን አወቅኩት። እኔ የምቆምበትን የስልክ እንጨት ሳይቀር አወቅኩት። ነባሩን ሁኔታ የሚያሳየው ሉህ ላይ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ባዶ ነው። ማጉያውን ጨመርኩ። እንደገና ጨመርኩ። ምንም የለም። ሁለት ቃል ብቻ፦ ክፍት ቦታ። አዲሱ ቀይ መስመር በላዩ ያልፋል።

ዘጠኝ ሰው። ክፍት ቦታ።

አይደለም ብያት ነበር እኮ።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 12። ማታ

ኢንጂነር ዘንድ ገባሁ። ቦታው ክፍት አይደለም አልኩት። ቀያሾቹን በስልክ ጠየቀልኝ፤ እሱ እንኳ አላሳነሰም። ለካ የለኩት እሁድ ጠዋት ነው። መኪና እንዳያስቸግራቸው። እሁድ ጠዋት ዘጠኙም ቸርች ናቸው፤ ሸራቸውንም ሳጥናቸውንም ቅዳሜ ጠቅልለው ያስገባሉ። ቀያሾቹ አልዋሹም። ባዶ ነበር፤ ባዶ ብለው ጻፉ። የምናደድበት ሰው እንኳ አጣሁ!

ሰዎቹ ነባር ተብለው ካልተመዘገቡ ምትክ ቦታ የሚባል ነገር አያገኙም አልኩት።

«ሜሮን፣ ጉልት ሕንጻ አይደለም። ፕላን ላይ አይወጣም።»

ዛፍ ይወጣል፣ የስልክ እንጨት ይወጣል አልኩ። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና መንገዱን የሚያሠራው ባለቤት ቅየሳውን እንደተቀበለ፣ አሁን እሱን መክፈት ሥራውን ሁሉ ወደ ኋላ መመለስ እንደሆነ አስረዳኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ሥራ የለመድኩት ከሱ ነው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

አልሣልኩም። በጓሮ በር ወጥቼ በሌላ መንገድ ቤቴ ገባሁ። እንደ ሌባ።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 13። 12፡05

በሌላ መንገድ መሄድም አልተሳካም። ወ/ሮ ዘነበች ከኋላዬ ጠራችኝ። ሁለት ቀን ጠፋሽ፣ አመመሽ እንዴ? ግንባሬን በእጇ ጀርባ ነካች። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኳት። ውሸት አይደለም። ከውሸት የባሰ ነው። ስድስት ሙዝ በፌስታል አሲዛ ሸኘችኝ። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አልበላሁትም። በጣም ተናድጃለሁ፣ ደብተሬ፤ በቀያሾቹ፣ በኢንጂነር፣ በሙዙ፣ ከሁሉ በላይ በራሴ። መሣል ባልጀምር ኖሮ ያንን ባዶ ቦታ አጽድቼ፣ አትሜ፣ ምሳዬን በልቼ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅ. 14። 11፡45

ነገርኳቸው።

መጀመሪያ ቀበሌ ሄድኩ። ሰኞ ሦስት ሰዓት በአዳራሹ ስለ መንገዱ ማስፋፊያ የሕዝብ ውይይት አለ። ማስታወቂያው ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል፤ ግማሹን ሌላ ማስታወቂያ ሸፍኖታል። ስለዚህ የቢሮ ምስጢር አላወጣሁም። ሰሌዳ ላይ ያለውን ነው የተናገርኩት። (ይሄን ለራሴ ስደጋግም ነው የዋልኩት።)

ዘጠኙም ሰሙኝ። ወ/ሮ ዘነበች ሙዙን ታስተካክል ጀመር። የተስተካከለውን።

«አይደለም ብለሽኝ ነበር።»

«ያን ቀን አይደለም ነበር።»

ቀና ብላ አላየችኝም። የዳጣዋ ሴት በጋሞኛ ብዙ ተናገረች፤ ምን እንዳለች ባልሰማም ለማን እንደሆነ ገባኝ። ጋሽ ሻንካ ብቻ ቡሉኳቸውን አጥፈው አስቀመጡና ጠየቁኝ፦

«ሰኞ፣ በስንት ሰዓት አልክ?»

ሰኞ፣ ጥቅ. 17። 10፡30

ሁሉንም ልጻፈው።

እኔ የተቀመጥኩት ከአማካሪው (ከኛ ቢሮ) ወገን ነው፤ ፊት ለፊት፣ ላፕቶፑ አጠገብ። ሥዕሎቹን በግድግዳው ላይ የማገላብጠው እኔ። ዘጠኙ መጡ። የዳጣዋ ሴት ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች። ኢንጂነር አያቸው፣ እኔን አየኝ።

ክፍት ቦታ የሚለው ሉህ ግድግዳው ላይ ሲወጣ ወ/ሮ ዘነበች ተነሳች። በአማርኛ ጀመረች፤ ሲያንሳት ወደ ጋሞኛ ገባች፤ ከኋላ የተቀመጠ መምህር ተረጎመ። ያለችው አጭር ነው፦ ስድስት ዓመት እዚያ ተቀምጫለሁ፤ ይሄ ወረቀት የለሽም ይለኛል። ሰብሳቢው ቅየሳው የባለሙያ ሥራ መሆኑን በትሕትና አስረዱ። ማስረጃ ካላችሁ አሉ።

እኔም ተነሳሁ። እግሬ ነው የተነሳው። ቦታው ክፍት አይደለም፣ የተለካው እሁድ ነው አልኩና የሥዕል ደብተሬን ሰጠኋቸው። ሰብሳቢው ገለበጡ።

«እህቴ፣ ሥዕል ማስረጃ አይሆንም። ሰው ያሻውን ይሥላል።»

አዳራሹ ሳቀ። ሁለት ወር! ሁለት ወር በዝናብ፣ በባጃጅ፣ በአሥር ሃያሲ መሐል! ፊቴ ነደደ። እንባዬ ሊመጣ ሲል ጋሽ ሻንካ ብድግ አሉ። ተራ አልጠየቁም።

«ይሄ ቤት ላይ ምን ያጨቃጭቃል? ቦታው እዚህ ነው። ተነስ፣ እንይ።»

ለሰብሳቢው ነው «ተነስ» ያሉት። መምህሩ ተነሱ ለማለት ነው ብሎ ሊያቃና ሞከረ። ሰብሳቢው ግን ሳቁ፣ ኮታቸውን አነሱና ወጡ። አዳራሹ ሁሉ ተከተለ። አምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ዕቃው በሸራ ተሸፍኖ፣ ዘጠኙም ቦታ በተርታ፣ ሰብሳቢው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱበት። የሽፈራው ቅጠል የሚገዙ ሁለት ሴቶች ሻጯን ቆመው ይጠብቃሉ። ስንት ጊዜያችሁ ነው እዚህ ስትገዙ ብለው ጠየቋቸው። ሴቶቹ ሰውዬው ምን ነካቸው በሚል ዓይን አዩዋቸው።

የተወሰነው፦ መስመሩ አይነሳም። መንገዱ ይሠራል። ግን በገበያ ቀን፣ ቅዳሜ፣ እንደገና ይለካል፤ ያሉት ሁሉ ተመዝግበው ምትክ ቦታ ይሰጣቸዋል። ወ/ሮ ዘነበች ደስ አላላትም። የት ነው የምትሰጡን አለች። ገና ነው ተባለች። ወደ ሙዟ ሄደች። ሸራውን ስትገልጥ አጠገቧ ቆምኩ። ቅዳሜ አንቺም ትመጫለሽ? አለችኝ። አላውቅም አልኳት።

ከኢንጂነር ጋር ወደ ቢሮ ተመለስን። በሩ ላይ ሲደርስ፦

«ቅዳሜ ሜትሩን የምትይዢው አንቺ ነሽ። ዘጠኝ ሰው ካልሽ ዘጠኝ ሰው መዝግበሽ አምጪ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉልት አንድ ቃል እንዳልሰማ።»

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 22። ከቀኑ 8፡00

ከቀያሹ ጋር ጠዋት ሁለት ሰዓት ጀመርን። ሲቀላን በቅዳሜ እንዲህ አላውቃትም ነበር። መቆሚያ የለም። አንዱ ሜትሩን ይረግጣል፣ ሌላው ይሄ ስንት ያወጣል ይለኛል። ቀያሹ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። ወ/ሮ ዘነበች ስሜን ከአያቴ ስም ጋር ካልጻፍሽ አለችኝ፤ ፊደል በፊደል አስነበበችኝ። ጋሽ ሻንካ አልመዘገብም ብለው አስቸገሩ። ምትክ ቦታ ሩቅ ከሆነ ዶርዜ ተመልሼ ቤቴ እሸምናለሁ ይላሉ። ተለማምጬ ጻፍኳቸው። ሦስት፣ ስድስት፣ ስምንት። ዘጠኝ። ሜትሩን ጠቀለልኩ።

«እኔስ?»

ከጋሽ ሻንካ ወዲያ፣ ከግድግዳው ሥር፣ አንዲት አሮጊት። ፊታቸው ድንች የሚመስል ቦዬ በጆንያ። አይቻቸው አላውቅም። ወ/ሮ ዘነበችን ዞሬ አየኋት፦ ማን ናቸው?

«እማማ አስካለች ናቸዋ። ከኦቾሎ ይወርዳሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ። ከኛ ሁሉ በፊት የነበሩ ናቸው።» ገርሟት አየችኝ። «አንቺ አታውቂያቸውም?»

አላውቃቸውም። ሁለት ወር ሙሉ እዚህ ቆሜ ሣልኩ፤ ቅዳሜ ልብስ አጥባለሁ።

ቀያሹ በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ ሰው አይመዘገብም አለ። ለኢንጂነር ደወልኩ። ዘጠኝ ነው ያልሽኝ፣ ዘጠኝ አምጪ አለኝና ዘጋው። እማማ አስካለች አልለመኑኝም። ከጆንያው ዳር ፈቀቅ ብለው መሬቱን አሳዩኝ፤ እንዲለካ።

ሜትሩን ዘረጋሁት። ቀያሹ ሊይዝልኝ ስላልፈለገ አንዱን ጫፍ ወ/ሮ ዘነበች ያዘች። ርዝመቱን፣ ወርዱን፣ ሙሉ ስማቸውን ጻፍኩ። አሥር።

ሰኞ ኢንጂነር ይጠራኛል። ወረቀቱን አንብቦ እንደሚጮህ አውቃለሁ። ይጩህ። ቁጥሩን አልለውጥም።